ቤት ሲጠብ ቤተ ሰብ እንዴት ይኑር?

አማርኛችን ትዳር የያዘውን ወጣት «ጎጆ ወጣ» ይለዋል። ትዳርንና ቤትን በአንድ ቃል ማሰሩ ያለ ምክንያት አይደለም። በባላገር ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ አባት ከይዞታው ጥግ ቦታ ይለይለታል፤ ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ ምሰሶውን ያቆማል፥ ጭቃውን ያቦካል፥ ሣሩን ይከድናል፤ ሙሽራይቱም ሦስት ጉልቻዋን ተክላ እሳቷን ታነዳለች። ልጅ ሲወለድ ጓዳ ይቀጠላል፤ አያት ስትደክም በምድጃው ዳር መደብ ይበጅላታል። በዚያ ሥርዐት ቤቱን የሚለካው ቤተ ሰቡ ነበር።

በአዲስ አበባ ግን ዛሬ ልኬቱ ተገላብጦ ቤቱ ቤተ ሰቡን የሚለካ ሆኖአል። ወጣቱ መቼ ያግባ? ስንት ልጅ ይውለድ? እናቱን ከአገር ቤት ያምጣት ወይስ እዚያው ትቈይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ መልስ የሚሰጠው የልቡ ፈቃድ ሳይሆን የኪራዩ ልክ ነው። ውድ አንባብያን፥ በዚህ ወር የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም የከተማችን ሕዝብና የከተማችን ቤት እንዴት ሆነው ከዚህ እንደ ደረሱ፥ ክርስቲያን ቤተ ሰብም በዚህ መካከል ምን ሊያደርግ እንደሚችልና እንደሚገባው ነው።

ነገሩን ከመነሻው እንመልከተው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ምርጫ በፍል ውሃ አጠገብ ስትቈረቈር መሳፍንቱና መኳንንቱ በየኮረብታው ድንኳናቸውን ተክለው ጭፍሮቻቸውን በዙሪያቸው አሰፈሩ። «ሰፈር» የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሳሰሉት ስሞች እስከ ዛሬ ምስክሮች ናቸው። እንጨት በጠፋ ጊዜ ከተማይቱን ትቶ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን የባሕር ዛፍ ተተክሎ ፈጥኖ ስላደገ አዲስ አበባ በቦታዋ ጸናች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የባሕር ዛፍ አጠናና ጭቃ የከተማይቱ ቤት አጥንትና ሥጋ ሆኑ። በዚያ አሰፋፈር የእልፍኙ ጌታና የጎጆው ነዋሪ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ባለጠጋና ድኻ ከአንድ ምንጭ ይቀዱ፥ በአንድ አጥቢያ ያስቀድሱ፥ ሙታናቸውን በአንድነት ይቀብሩ ነበር። ይህ መቀላቀል ፍጹም እኩልነት ነበር ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ችግር ሳያይ ሊያልፍ አይችልም ነበር።

ሕዝቡ ምን ያህል እንደ በዛ ደግሞ ቍጥሮች ይንገሩን። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የከተማይቱ ነዋሪ 450 ሺህ ያህል ነበር። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ደረሰ፤ በ1987 ዓ.ም. 2 ሚሊዮን 100 ሺህ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 2 ሚሊዮን 739 ሺህ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቈጠራ አልተደረገም፤ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ግምት ግን ቍጥሩ ወደ 4 ሚሊዮን ተጠግቶአል። ስለዚህ ዛሬ በሽምግልና ያለ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ልጅ ሳለ ያያት ከተማ በዕድሜው ውስጥ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ስትሆን አይቶአል ማለት ነው።

ይህን የሚሰማ ሰው «እንግዲያው የአዲስ አበባ እናቶች ብዙ ይወልዳሉ» ብሎ ያስብ ይሆናል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት የአገራችን ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው አማካይ ቍጥር 5.4 ሲሆን የአዲስ አበባይቱ ግን 1.4 ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ2008 ዓ.ም. ጥናት የአገሪቱ 4.6፥ የከተማይቱ 1.8 ነበር። አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት ከ2 ጥቂት የሚያልፍ ቍጥር ስለሚያስፈልገው፥ አዲስ አበባ በራስዋ ልጆች ብቻ ብትቀር ኖሮ እየቀነሰች በሄደች ነበር። የሚያሳድጋት ከየአገሩ ወደ እርስዋ የሚጐርፈው ወጣት ነው፤ ከዚህም ውስጥ ለቤት ሥራና ለእንጀራ ፍለጋ የሚመጡት ልጃገረዶች ብዙ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ የሴቶቹ ቍጥር ከወንዶቹ በ128 ሺህ ይበልጥ ነበር።

መውለድ ለምን እንደዚህ አነሰ? ነገሩን የመረመሩ ሊቃውንት ከሚሰጡአቸው ምክንያቶች ዋና ዋናዎቹ የጋብቻ መዘግየት፥ የሥራ መታጣትና የቤት እጦት ናቸው። እነዚህ ሦስቱ አንዱ በሌላው ላይ የተደገፉ ናቸው፤ ሥራ ያጣ ቤት መከራየት አይችልም፥ ቤት ያልያዘ ለማግባት ይፈራል፥ ዘግይቶ ያገባ ደግሞ ጥቂት ይወልዳል። የ1999ኙ ቈጠራ በከተማይቱ 662 ሺህ ቤተ ሰቦችን ሲያገኝ ያገኘው መኖሪያ ቤት ግን 629 ሺህ ያህል ነበር። ከ30 ሺህ በላይ የሆኑ ቤተ ሰቦች የራሳቸው በር የሌላቸው ደባሎች ነበሩ ማለት ነው።

ቤቱስ ለምን አነሰ? እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከከተማይቱ ቦታ አብዛኛው በጥቂት ሰዎች እጅ ነበረና ከነዋሪው የሚበልጠው ተከራይ ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይይዝ ተከለከለ፤ የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። አነስተኞቹ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ «የቀበሌ ቤት» የምንለው ስም የመጣውም ከዚህ ነው።

ይህ አዋጅ ሁለት ፊት ያለው ፍሬ አፈራ። በአንድ ወገን እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ መበለት በከተማይቱ እምብርት በጥቂት ብር እየከፈለች ልጆችዋን ለማሳደግ ቻለች፤ ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በሌላው ወገን ደግሞ ኪራዩ ለጥገና የማይበቃ ሆነ። ተከራዩ «ቤቱ የመንግሥት ነው» ይላል፥ ቀበሌው «ገንዘብ የለኝም» ይላል፥ በመካከል ጣራው ያፈስሳል። ለኪራይ ብሎ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰውም ጠፋ፤ ሕዝቡ ግን መብዛቱን አላቋረጠም። ስለዚህ ባለግቢው በጓሮው ሰርቪስ ቤት ቀጠለ፥ የቀበሌ ተከራዩ ክፍሉን በመጋረጃ ከፍሎ ደባል አስገባ፥ በከተማይቱ ዳርቻ ደግሞ በአንድ ሌሊት የሚቆሙት «ጨረቃ ቤቶች» በዙ።

ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ፥ ማለት ለተወሰኑ ዓመታት በሚከፈል ዋጋ፥ እንዲሰጥ ታወጀ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ተጀመረ። በዚህ ዐሳብ መሠረት ነዋሪው ይመዘገባል፥ እየቈጠበ ይጠብቃል፥ በዕጣ ቤት ይደርሰዋል፥ ከዋጋው 20 በመቶውን ከፍሎ 80 በመቶውን ከባንክ በብድር ያገኛል። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን ተወሰነ። ጀሞ፥ ሰሚት፥ የካ አባዶ፥ ቱሉ ዲምቱ፥ ኮዬ ፈቼ የተባሉት ቦታዎች ትናንት እርሻ ነበሩ፤ ዛሬ እያንዳንዳቸው ከአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የማያንስ ሕዝብ ይኖርባቸዋል። በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ቤቶች ተሠርተዋል። ነገር ግን በ2005 ዓ.ም. አዲስ ምዝገባ በተደረገ ጊዜ ስሙን ያስመዘገበው ሰው ከ900 ሺህ በላይ ነበር። የሚመዘገበው በሩጫ፥ የሚሠራው ቤት በእርምጃ ሲሄድ በመካከላቸው ያለው ርቀት እየሰፋ መጣ።

የዋጋውን መናር በተመለከተ ብዙ ጊዜ የደላላው ስም ሲነሣ እንሰማለን። ደላላ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ሥሩ ግን ከእርሱ ይጠልቃል። አንደኛ፥ ለግንባታ የሚሰጠው ቦታ ጥቂት ነው፤ በጨረታም ሲወጣ ዋጋው ይጋፋል። ሁለተኛ፥ ለሕንፃው የሚያስፈልገው ብረትና ዕቃ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ የብር ዋጋ ሲወርድ የቤት ዋጋ ይወጣል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ በግልጥ ታይቶአል። ሦስተኛ፥ የኑሮ ውድነት የገንዘብን ዋጋ ሲበላው ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን በባንክ ከማስቀመጥ ይልቅ በቤት ያስቀምጠዋል። በባሕር ማዶ ያለው ወገናችንም ደክሞ ያገኘውን በዚሁ መንገድ ያኖረዋል። እያንዳንዱ ለራሱ ጥበብን አደረገ፤ የሁሉም ጥበብ ሲደመር ግን ቤት ከመኖሪያነት ይልቅ የገንዘብ ጐተራ ሆነ። መብራት የማይበራባቸው ብዙ መስኮቶች ባሉባት ከተማ ወጣቶች ማደሪያ ያጡት ስለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ በቤታችን ደጃፍ ሲደርስ ምን እንደሚመስል እስኪ እንመልከት። ደላላው ወጣት ባልና ሚስትን ይዞ ወደ አንድ ግቢ ይገባል። ባለቤቲቱ ደግ ሴት ናቸው፤ በጾሙ የሚጾሙ፥ ነዳያንን የማይረሱ ናቸው። ወጣቶቹን አስቀምጠው መጀመሪያ የሚጠይቁት ግን «ልጆቼ፥ ስንት ናችሁ?» ብለው ነው። ባልየው «እትዬ፥ ሁለታችን ብቻ ነን» ሲላቸው ሚስቲቱ ነጠላዋን ወደ ሆድዋ ሳብ ታደርጋለች። እርስዋ ብቻ የምታውቀው ሦስተኛ አለና። ይህ በከተማችን በየቀኑ የሚደረግ ነው። ልጅ ይጮኻል፥ ውሃ ያበዛል፥ ግድግዳ ያቈሽሻል ተብሎ «ልጅ ላለው አይከራይም» የሚባልበት ግቢ ብዙ ነው። በሰርጋቸው ቀን «ውለዱ፥ ክበዱ» ብለን የመረቅናቸውን በማግሥቱ በበራችን ላይ ስለ መውለዳቸው እንመልሳቸዋለን።

ይህ መጽሔት በሚነበብባቸው ቤቶች አከራይም አለ፥ ተከራይም አለ። ስለዚህ ለሁለቱም የሚሆን ነገር እንናገር።

አከራይ ሆይ፥ የጓሮው ክፍል ኪራይ ለብዙ ጡረተኛና ለብዙ መበለት የዕለት እንጀራ መሆኑን እናውቃለን። ገበያው ሲወደድ ኪራይ ጥቂት ቢጨመር የሚደንቅ አይደለም። ነገር ግን ኪራይ እንደ ሽንኩርት ዋጋ በየወሩ የሚቀያየር ነገር ሊሆን አይገባም፤ ሽንኩርት ቢወደድ ሰው ይተወዋል፥ ቤትን ግን ሊተው አይችልም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ የኪራይ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ተቈጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ እንዲሆን፥ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጎአል። ይህን ሕግ ፈርቶ መፈጸም መልካም ነው፤ ወድዶ መፈጸም ግን ይበልጣል። ከተከራይ ጋር ተስማምቶ ከውሉ ውጭ ሌላ ገንዘብ በእጅ መቀበል፥ ወይም ሕጉን ለማምለጥ ብርሃንና ውሃ እየዘጉ ሰውን በገዛ ፈቃዱ የወጣ ማስመሰል፥ ምስክር ባይገኝበትም በደል ነው።

ነፍሰ ጡር ስለ ሆነች ቤት የከለከልናት ሴት የሌላ ሰው ልጅ ብቻ አይደለችም። የእኛም ልጅ በሌላው የከተማይቱ ጫፍ ተመሳሳይ በር እያንኳኳች ይሆናል። ሁሉም በር ከተዘጋባት ወይ ልጅ መውለድዋን ታቆያለች፥ ወይ የወለደችውን ለአያት ትሰድዳለች። ስለ መውለድ ማነስ የሚነገረው ቍጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከእንደዚህ ያሉ ትንንሽ እምቢታዎች ተጠራቅሞ የተሠራ ነው። ሁሉንም እምቢታ ማስቀረት አንችል ይሆናል፤ የራሳችንን ግን እንችላለን።

ተከራይ ሆይ፥ አንተም የበኩልህ አለብህ። በሰው ግቢ የሚኖር ሰው ቤቱን እንደ ራሱ ቤት ሊይዘው ይገባል፤ ውሃውን ሳያባክን፥ ኪራዩን ቀኑን ሳያሳልፍ፥ የቈረጠ መብራት እንኳ ቢኖር ሳይደብቅ። ውል ሳትጽፍ በቃል ብቻ አትግባ፤ የከፈልህበትንም ደረሰኝ ያዝ። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ ነገሩ በጽሑፍ የሰፈረ እንደ ሆነ ሁለቱም በሰላም ይተኛሉ።

ሊያገቡ ላሰቡትና ለወላጆቻቸው ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ወጣቶች «ቤት ሳልይዝ አላገባም» ብለው ሠላሳውን ያልፋሉ፤ የራስን ቤት ማለታቸው ከሆነ ዕጣ ጠብቀው ፀጉራቸው ሊሸብት ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ሰርግ ሲደረግ ለአዳራሽ፥ ለመኪናና ለልብስ የሚወጣው ገንዘብ የአንድ ዓመት ኪራይ የሚከፍል ጊዜ አለ። ወላጆች ሆይ፥ ለዘመድ ይሉኝታ ብላችሁ የልጆቻችሁን የመጀመሪያ ዓመት ኪራይ በአንድ ቀን ድግስ አታስበሉ። ተክሊልና ቅዱስ ቁርባን አዳራሽ አይጠይቁም። ግቢ ያላችሁም እንደ ሆነ፥ ለእንግዳ የምታከራዩትን አንዱን ክፍል ለሁለትና ለሦስት ዓመት ለልጃችሁ ብትለቁለት በባላገር ያለው አባት ከይዞታው ጥግ የሚሰጠውን ያህል ሰጣችሁት ማለት ነው። ልጆችም በአባት ግቢ መኖር ውርደት መስሎ አይታያችሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ሰፈር መለወጥ እንናገር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ፥ በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በተደረገው የኮሪደር ልማት፥ ከዚያም በፊት በልደታና በሌሎችም ቦታዎች በተደረገው መልሶ ማልማት፥ ብዙ ቤተ ሰቦች ከኖሩበት ሰፈር ተነሥተው ወደ ዳርቻዎቹ ተዛውረዋል። የዕጣ ቤት የደረሳቸውም እንዲሁ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በቤት ውስጥ ውሃና መጸዳጃ አግኝተዋል፤ ይህን በረከት ማቃለል አይገባም። ነገር ግን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። አዲስ ግድግዳ ብቻውን ኑሮ አይሆንም። ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር ተዋስነው የኖሩ ሰዎች አንዱ ወደ ምሥራቅ፥ ሌላው ወደ ደቡብ ሄደዋል። በጉሊት ንግድ የምትኖር እናት ደንበኞችዋን አጥታለች፤ ሽማግሌው አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ደረጃውን እያሰቡ ቤተ ክርስቲያን መሳለም የሚተዉበት ቀን ይበዛል። ሊፍት የሌላቸው ሕንፃዎች ብዙ ናቸውና።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የዕድር ነገር ነው። ዕድር በአንድ ሰፈር መኖርን መሠረት ያደረገ ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፥ ድንኳኑ ይተከላል፥ ሴቶቹ ንፍሮውን ይቀቅላሉ፥ ሐዘንተኛው ሦስት ቀን ብቻውን አይተውም። አባላቱ በከተማይቱ አራት ማዕዘን ሲበተኑ ጡሩምባው ለማን ይነፋል? ብዙዎች ወርኃዊ መዋጮአቸውን ለቀድሞው ዕድር እየላኩ ለለቅሶ ሁለት ታክሲ ይዘው ይሄዳሉ፤ የሚያስመሰግን ታማኝነት ነው። ነገር ግን ሌሊት በድንገት ለሚታመም ሰው የሚደርሰው በሩ ትይዩ ያለው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ወደ አዲስ ቤት የገባ ቤተ ሰብ የቀድሞውን ዕድር ሳይተው በመጀመሪያው ወር የብሎኩን ዕድር ይጠይቅ፤ ከሌለም ከጥቂቶች ጋር ሆኖ ያቋቁም። በአቅራቢያው ያለውን አጥቢያ ይወቅ፥ የንስሓ አባቱ ራቅ ካሉም አዲሱን አድራሻውን ይንገራቸው። በደረጃው ላይ የሚያገኘውን ሰው ስሙን ይጠይቅ።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ባለቤቶች ማኅበር እንዲያቋቁሙና የጋራውን ደረጃ፥ ጣራና ግቢ በአንድነት እንዲያስተዳድሩ ያዝዛል። በየሕንፃው አጠገብም ለእንጀራ መጋገሪያ፥ ለልብስ ማጠቢያና ለበዓል ዕርድ የሚሆን የጋራ መገልገያ ቤት እንዲኖር ታስቦ ተሠርቶአል። በብዙ ቦታ ይህ ቤት ለሌላ ሥራ ተከራይቶ ወይም ተዘግቶ ይገኛል። የሚያስቈጭ ነው፤ ምክንያቱም በምጣዱ ዙሪያ የሚገናኙ ሴቶች ናቸው ከብሎክ ሰፈርን የሚያወጡት። ዕጣው ራሱ መልካም ነገር አድርጎልን ነበር፤ ዘበኛውንና መምህሩን፥ ነጋዴይቱንና ጡረተኛውን ሳይለይ በአንድ ደረጃ ላይ ስለሚያስቀምጣቸው የቀድሞውን ሰፈር መቀላቀል በአዲስ መልክ መልሶት ነበር። ነገር ግን ብዙ ባለ ዕጣዎች የባንኩን ዕዳ ለመክፈል ቤቱን አከራይተው እነርሱ በጠበበ ቤት ይኖራሉ፤ ተከራዩም በየጊዜው ይለዋወጣል። ስለዚህ በአዲሱ ሰፈር ተከራይን እንደ አላፊ መንገደኛ አንቍጠረው፤ በዕድሩም በማኅበሩም ስፍራ ይሰጠው። ብሎኩ ሰፈር እንዲሆን ባለቤት ብቻውን አይበቃምና።

በመጨረሻ፥ ብዙዎች ለመናገር ስለሚያፍሩበት ነገር አንድ ቃል እንበል። የቤት ዋጋ ሲንር የወንድማማች ፍቅር ይፈተናል። ሃያ ዓመት በፊት ማንም ያልተመኘው የአባት የጭቃ ቤት ዛሬ በሚሊዮን የሚገመት ሆኖአል፤ አባት ከተቀበሩ ገና ተዝካራቸው ሳይወጣ ልጆች በፍርድ ቤት ደጃፍ ይቆማሉ። ይህን ለመከላከል የሚቻለው አባትና እናት በሕይወት ሳሉ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግልጥ ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ፥ ወዲያውም ሁሉም እንዲፈርሙበት ይጠይቃል። ይህ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ከባዱ ጉዳዩን ማንሣቱ ነው። ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት አይደለም። ልጆች ሁሉ ተሰብስበው ሳሉ ቢነገር፥ እናትን እስከ ዕለተ ሞትዋ በቤቱ የሚጦራት ማን እንደ ሆነም ቢወሰን፥ ከሚሊዮኑ ብር የሚበልጥ ውርስ ይሆናል።

የቦታን ዋጋና የብርን ምንዛሪ አንድ ቤተ ሰብ ሊለውጠው አይችልም፤ ይህ የመንግሥትና የብዙ ሊቃውንት ሥራ ነው። በእጃችን ያለው ግን ትንሽ አይደለም። ለነፍሰ ጡር የሚከፈት በር፥ በውሉ የሚጸና ኪራይ፥ ከድግስ ተርፎ ለሙሽሮች ማደሪያ የሚሆን ገንዘብ፥ በአዲሱ ብሎክ የሚተከል የዕድር ድንኳን፥ በጊዜው የተጻፈ ኑዛዜ፤ እነዚህ ሁሉ ያለ አዋጅና ያለ ዕጣ የሚደረጉ ናቸው። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡናው ሲፈላ በቤታችሁ ተነጋገሩበት። የጓሮው ክፍል ያላችሁም፥ ደላላው ሰው ይዞ በመጣ ጊዜ «ስንት ናችሁ?» ከማለታችሁ በፊት «እንኳን ደኅና መጣችሁ» በሉ።